የቀይ ቁጥር ምክንያት

«ውኃው አልቋል» አለች ኢያኤል። ይህን እያለች ጀሪካኑን በተረከዟ ገፋ ገፋ አድርጋ ከአግዳሚው ሥር ደበቀችው።

ሩዋይዳ ሁለት እጆቿን ሳፋው ላይ እንደዘረጋች ቀረች። የማንጎ ጭማቂ ከጣቶቿ አልፎ ክርኗ ድረስ ወርዶ መድረቅ ጀምሯል። አንዴ ሳፋውን፣ አንዴ ኢያኤልን አየች። «እሺ፣ ችግር የለም» ብላ እጇን በሶፍት ጠራርጋ ወደ በረንዳው ወጣች።

ውኃው አላለቀም ነበር። ግማሽ ጀሪካን ያህል ነበር፤ ለሩዋይዳ ቀርቶ በረንዳው ላይ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ይበቃል። ለሌሎቹ «ከጓዳ አመጣሁ» ብላ ልታስታጥባቸው አስባለች። ምን ነካት እንዳትሉ። ቅናት ነው የነካት፤ ያውም የዛሬ ሳይሆን የሦስት ወር ቅናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእነ ኢያኤል ቤት ታቦር ሰፈር ነው፤ ከሐይቁ በላይ፣ ባጃጅ እያቃሰተ በሚወጣው ዳገት ላይ። እናቷ ሙሉጌጥ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስኳር ከያዛት ስድስት ዓመቷ ነው። ከጤና ጣቢያው ሥልጠና ወስዳ የሰፈሩን የስኳር ሕመምተኞች ሰብስባ ቡድን አቋቁማለች። ስምንት ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ወደዚህ በረንዳ ይመጣሉ። ጣታቸውን ተወግተው በቡድኑ አንድ ማሽን ይለካሉ። ቁጥሩን እያንዳንዱ ራሱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ደህና ቁጥር ከሆነ ይጨበጨብለታል። ከዚያ አብረው ቁርስ በልተው፣ እየተሳሳቁ በእግራቸው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ።

ግድግዳው ላይ ደግሞ ትልቅ ካርቶን ተሰቅሏል። የስምንቱም ስም ተደርድሮበታል። ደህና ቁጥር በአረንጓዴ እስክሪብቶ፣ መጥፎው በቀይ ይጻፋል። ቀይ የመጣበት ሰው አጠገቡ ምክንያቱን በገዛ እጁ የመጻፍ ግዴታ አለበት፤ ቡድኑ የተስማማበት ደንብ ነው። «ሠርግ ቤት ነበርኩ»፣ «መድኃኒት ረስቼ»፣ «ከአከራዬ ጋር ተጣልቼ» የሚሉ ምክንያቶች ተጽፈዋል። ከሁሉ የታወቀው ግን የጋሼ ብዙአየሁ ነው፤ «ብርቱካን ለልጅ ልጄ ልጬ እጄን ሳልታጠብ» ይላል።

ጋሼ ብዙአየሁ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ያን ቀን ማሽኑ ሦስት መቶ ዘጠና ሲል «በቃ፣ ቀብሬን አሳምሩልኝ» ብለው ነበር። የጤና ጣቢያው ነርስ፣ ዩኑስ፣ በአጋጣሚ እዚያው ነበርና እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እጃቸውን በሳሙና አሳጥቦ እንደገና ሲለካቸው መቶ ሠላሳ ሆነ። «ማሽኑ ደማችሁ ውስጥና ጣታችሁ ላይ ያለውን ስኳር ለይቶ አያውቅም» አላቸው። «በአልኮል መጥረግ አይበቃም። ውኃና ሳሙና!» ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ማስታጠብ የኢያኤል ሥራ ሆነ። ጆግ፣ ሳሙና፣ ሳፋ፣ ፎጣ ይዛ ደረጃው ሥር ትቆማለች። እሷ ያላስታጠበችው ሰው የሚለካበት ወንበር ላይ አይቀመጥም።

የኢያኤል ስም ግን ካርቶኑ ላይ የለም። ለምን ይኖራል? ስኳር የለባትም። ጣቷን የሚወጋ፣ ቁጥሯን የሚጠይቅ፣ የሚያጨበጭብላት የለም።

እስከ የካቲት ድረስ ይህ ምንም አላሳሰባትም ነበር። በየካቲት ሩዋይዳ መጣች። አንድ ክፍል ናቸው፤ ስምንተኛ ቢ። የዚያን ሰሞን ሩዋይዳ ኢንሱሊን ወግታ ቁርስ ሳትበላ መጥታ፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላብ በላብ ሆና ከዴስኩ ላይ ወደቀች። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ፣ የገዛ ስሟን ስትጠየቅ መመለስ ሲያቅታት ኢያኤል በዓይኗ አይታለች። እናቷን የጠራችውም እሷው ኢያኤል ነበረች። ሙሉጌጥ ሮጣ መጥታ ስኳር በውኃ አጠጣቻት፤ ተረፈች። በዚያው ቀረችላቸው።

የሩዋይዳ ወላጆች ገበያ ውስጥ ሱቅ አላቸው፤ ከንጋት እስከ ምሽት እዚያው ናቸው። የተከራዩበት ቤት ፍሪጅ የለውም። ስለዚህ ኢንሱሊኗ እነ ኢያኤል ፍሪጅ ውስጥ ተቀመጠ፤ ሩዋይዳም ጠዋትና ማታ እየመጣች መወጋት ጀመረች። የፍሪጁ መካከለኛ መደርደሪያ የእሷ ሆነ። የኢያኤል እርጎ ወደ ታች ተባረረ። ባዶ የቅቤ ዕቃ ላይ በእናቷ እጅ ጽሑፍ «የሩዋይዳ፤ አይነካም!» ተብሎ ተጻፈ። ቃለ አጋኖው ለማን እንደሆነ ኢያኤል መቼም አልጠፋትም።

ሙሉጌጥ መርፌውን ስትወጋት ታወራታለች። ትስቅላታለች። አንዳንዴም ጸጉሯን ትሠራላታለች። ኢያኤል በግማሽ ዓመቱ ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታ ሰርተፊኬቷን ይዛ ስትመጣ፣ እናቷ የሩዋይዳን የቁጥር ደብተር እያገላበጠች «ጎበዝ» አለቻት፤ ቀና እንኳን ሳትል። የዚያን ዕለት ኢያኤል አልጋዋ ላይ ተጋድማ «እኔንም ስኳር በያዘኝ» ብላ አሰበች። ወዲያው በራሷ ደነገጠች። ሐሳቡ ግን ከዚያ በኋላም እየተመላለሰ መጣባት።

ወደ ዛሬው ቅዳሜ እንመለስ። አራት የክፍል ጓደኞቿ ከሰዓት በኋላ ለሚኒስትሪ ፈተና አብረው ሊያጠኑ ይመጣሉ፤ በረንዳው ላይ። ኢያኤል ጭማቂ ልትሠራላቸው ደረጃው ላይ ተቀምጣ ማንጎ ትልጥ ነበር። ከቡድኑ ሩዋይዳ ከሁሉ ቀድማ መጣች።

«ላግዝሽ?»

«እንደፈለግሽ።»

ሩዋይዳ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ኢያኤል ሦስት እስክትልጥ እሷ ስድስት ላጠች። ኢያኤል በመሐል በመሐል ጣቷን ትልሳለች፤ ሩዋይዳ ግን ጠብታም አልቀመሰችም። አንዴ ብቻ እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችና «አቤት ማንጎ ሲሸት ሲያምር!» አለች። ኢያኤልን ይኼም አናደዳት። ደግሞ ጨዋነቷ! አለች በልቧ።

የቡድኑ ሰዎች አንድ በአንድ ደርሰው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ያኔ ነው ሙሉጌጥ ከበረንዳው ላይ የተጣራችው።

«የኔ ቆንጆ፣ ነይ እስቲ!»

ኢያኤል «አቤት እማዬ!» ብላ ብድግ አለች። «የኔ ቆንጆ» ከሕፃንነቷ ጀምሮ የእሷ ስም ነበር።

«አንቺን አይደለም፤ ሩዋይዳን ነው» አለች እናቷ። «ቶሎ ተለክታ መርፌዋን ትወጋ። ቶሎ አስታጥቢያት።»

ጋሼ ብዙአየሁና ሌሎቹ ሁሉ ሰምተዋል። ኢያኤል ፊቷ ጋለ። ጆጉን አነሳች፤ ጀሪካኑን አየች፤ መልሳ ጆጉን አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ «ውኃው አልቋል» ያለችው።

ሩዋይዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እጅሽን ታጠብሽ?» አለቻት ሙሉጌጥ፤ ለደንቡ ያህል።

«አስታጥቤያታለሁ!» አለች ኢያኤል ከታች። ሳታስብ ነው ከአፏ ያመለጣት። ሩዋይዳ ዞር ብላ አየቻትና ጣቷን ለሙሉጌጥ ዘረጋች።

ሙሉጌጥ ጣቷን በአልኮል ጠረገችላት፤ ወጋቻት፤ የደሟን ጠብታ ማሽኑ ላይ በተሰካችው፣ አንዴ ብቻ በምታገለግለው ቀጭን ስትሪፕ ተቀበለች። «በይ አንብቢው» አለቻት። ሩዋይዳ ማሽኑን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«አራት መቶ አሥራ ሁለት» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ሰልሎ።

ማንም አላጨበጨበም። «እንዴ!» አሉ ጋሼ ብዙአየሁ። «ይኼማ የኬክ ቤት ቁጥር ነው! በመንገድሽ ጎራ አልሽ እንዴ?» ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ሙሉጌጥ ግን አልሳቀችም።

«ምን በላሽ?»

«ምንም። ወላሂ እትዬ፣ ምንም አልበላሁም።»

«ሩዋይዳ፣ እዚህ ቤት በቁጥር የሚቆጣ የለም። የማንወደው መዋሸት ብቻ ነው።»

«አልዋሸሁም» አለች ሩዋይዳ። ዓይኗ እንባ ሞላ።

ኢያኤልስ? እውነቱ ይነገር፤ ደስ አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷ ሩዋይዳን በዚያ ፊት ስታያት ማየት እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ነበር ያረካት። እሰይ! አለች። ሙሉጌጥ ቀዩን እስክሪብቶ አንስታ ካርቶኑ ላይ፣ ከሩዋይዳ ስም ትይዩ፣ 412 ብላ ጻፈች። ኢያኤል ቁጥሩን አየች። ሁለት መስመር ከፍ ብሎ የጋሼ ብዙአየሁ ብርቱካን አለ።

ብርቱካን። ማንጎ።

ደስታዋ ያኔ ከላይዋ ላይ ተገፈፈ። እሷ ውኃ ስትከለክላት ልታናድዳት ብቻ ነበር፤ ስኳር፣ ማሽን፣ ቁጥር አላሰበችም። ሩዋይዳ በብርቱካኑ ቀን ቡድኑ ውስጥ አልነበረችምና ነገሩን በደንብ አታውቅም። የሚያውቁት ደግሞ ሁሉም ታጥባለች ብለው አምነዋል። አራት መቶ አሥራ ሁለቱ የደሟ ሳይሆን የጣቷ መሆኑን እዚህ በረንዳ ላይ የምታውቅ አንድ ሰው ብቻ ናት።

ሙሉጌጥ ለዩኑስ ደውላ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው።

«ይጠማታል? ሽንት ያመላልሳታል?» አለ ዩኑስ።

«የለም ትላለች።»

«እጇን በደንብ ታጥባለች? ሌላ ስትሪፕ ካለሽ ድገሚው።»

«ስትሪፑ ለየሰዉ አንድ አንድ ነው የቀረው። እጁን ግን ተወው» አለች ሙሉጌጥ። «ኢያኤል ናት ያስታጠበቻት። የኔ ልጅ በዚህ ቀልድ አታውቅም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማምናት።»

ሰው ሁሉ ሰማ። ጋሼ ብዙአየሁ እንኳን ወደ ኢያኤል ዞረው «እሷማ!» ብለው አውራ ጣታቸውን አሳዩዋት። ኢያኤል ሦስት ወር ሙሉ ይህን ነበር የምትፈልገው። እናቷ በሰው ፊት፣ ጮክ ብላ፣ «የኔ ልጅ» እንድትል። አሁን አለችላት። ኢያኤል ግን ወደ መሬት አየች።

«እንግዲያው ከወትሮው ላይ አራት ዩኒት ኢንሱሊን ጨምሪላት» አለ ዩኑስ። «ቁርሷን ወዲያው ትብላ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያ ይዘሻት ነይ።»

ሙሉጌጥና ሩዋይዳ ወደ ሳሎን ገቡ። ኢያኤል ተከትላቸው በሩ ላይ ቆመች። ፍሪጁ ተከፈተ። ያ «አይነካም!» የተጻፈበት ዕቃ ወጣ። ሙሉጌጥ መርፌውን ብልቃጡ ውስጥ ሰክታ ቀስ ብላ ሳበችው፤ ወደ ብርሃን ይዛ በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው። ሩዋይዳ ሶፋው ላይ ተቀምጣ የሸሚዟን ጫፍ ገለጠች።

አራት ዩኒት ምን ያደርጋታል? አለች ኢያኤል በልቧ። ቁርስ ትበላ የለ! ማንም አያውቅም። ሩዋይዳም ብትሆን ካሁን በኋላ እንደ በፊቱ አትታመን ይሆናል፣ ያን ያህል «የኔ ቆንጆ» አትባልም፣ በቃ። ግን የዚያን ቀን የሒሳብ ክፍለ ጊዜ መጣባት። ያ የሚንቀጠቀጥ ከንፈር። «ስምሽ ማነው?» ስትባል ሁሉን እንደማታውቀው ሰው ታይበት የነበረው ዓይን። እናቷ ለቡድኑ ደጋግማ የምትለውም መጣባት፤ የበዛ ስኳር ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው፣ ኢንሱሊን በዝቶ ያነሰ ግን ደቂቃም አይሰጥም።

ሙሉጌጥ የሩዋይዳን ሆድ በሁለት ጣቶቿ ቆንጠጥ አድርጋ ያዘች።

«እማዬ፣ ቆይ!»

«ምነው?»

«አላስታጠብኳትም።»

ሙሉጌጥ መርፌውን እንደያዘች ዞረች። «ምን አልሽ?»

«ውኃ ነበረ። ግማሽ ጀሪካን ነበረ። የለም አልኳት። ማንጎ ስትልጥልኝ ነበር፣ እጇ በሙሉ ማንጎ ነው። አውቄ ነው ያደረግኩት።»

ሙሉጌጥ መርፌውን በክዳኑ ከደነችው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ብትጮህ፣ ብትቆጣ፣ በጥፊም ብትላት ይሻላት ነበር። እናቷ ግን «ጆጉን አምጪ» ብቻ አለቻት።

ኢያኤል ጀሪካኑን ከአግዳሚው ሥር ጎትታ ስታወጣ በረንዳው ላይ ያሉት ሁሉ አዩዋት። ጆጉን ሞላች። ሩዋይዳ ወርዳ እጆቿን ሳፋው ላይ ዘረጋች፤ ቅድም እንደዘረጋችው። ኢያኤል አፈሰሰችላት። ሳሙናው አረፋ ሲያወጣ የማንጎው ሽታ አብሮት ተነሳ።

«ውኃ እንዳለ አውቄ ነበር» አለች ሩዋይዳ በሹክሹክታ። «ጀሪካኑን ስትገፊው ሲንቦጫረቅ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ሩዋይዳ ትከሻዋን ሰበቀች። «ቤቱ ያንቺ ነው። እናቱም ያንቺ ናት። ብጣላሽ መድኃኒቴን የት አስቀምጣለሁ?»

ኢያኤል ተጨማሪ ውኃ አፈሰሰችላት።

«ደግሞ እኔም ቀንቼብሽ ነበር» አለች ሩዋይዳ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያሸች። «እንዲሁ ጣትሽን ትልሻለሽ። ስንት ግራም ነው፣ ስንት ዩኒት ነው ሳትዪ። ደበረኝ።»

«ሼም ነው የሠራሁት» አለች ኢያኤል። ፎጣውን አቀበለቻት።

ሙሉጌጥ የራሷን የዛሬ ስትሪፕ አወጣች። «እኔ ለሳምንት እለካለሁ» አለችና ማሽኑ ላይ ሰካችው። ሩዋይዳ ሌላ ጣቷን ሰጠች። ቁጥሩ እስኪመጣ አምስት ሰከንድ ብቻ ነው የሚፈጀው፤ ኢያኤል ግን አምስቱንም ቆጠረቻቸው።

«ዘጠና አራት!» አለች ሩዋይዳ።

መጀመሪያ ያጨበጨቡት ጋሼ ብዙአየሁ ናቸው። ሌሎቹም ተከተሉ። «የኔ ልጅ፣ ስለ ኬኩ ይቅርታ አድርጊልኝ» አሏት። «አፌ ነው፤ ከድሮም ፍሬን የለውም።» ሩዋይዳ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ሙሉጌጥ ለዩኑስ ነገረችው፤ ጭማሪው ቀረ። ሩዋይዳ የወትሮዋን ያህል ብቻ ተወግታ፣ እንቁላልና ዳቦዋን ይዛ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ካርቶኑ ላይ ግን 412 ቀይ ሆኖ ቀርቷል። ሙሉጌጥ መስመር አሰመረችበትና ከጎኑ 94 ብላ በአረንጓዴ ጻፈች። «ምክንያቱ አልተጻፈም» አለች፤ ለማንም አልነበረም የተናገረችው። ሩዋይዳ ዳቦዋን አስቀምጣ ልትነሳ ዳዳት።

«ተዪው፣ እኔ እጽፈዋለሁ» አለች ኢያኤል።

እስክሪብቶውን ወሰደች። ከሰዓት ጓደኞቿ እዚሁ፣ ከዚህ ካርቶን ሥር፣ መጽሐፍ ዘርግተው እንደሚቀመጡ አልረሳችም። ከእነሱም ኢየሩስ በተለይ ያየችውን ሁሉ ጮክ ብላ የምታነብ ልጅ ናት። ኢያኤል ፊደሎቹን ትልልቅ አድርጋ ጻፈች፤ «ኢያኤል ውኃ እያለ የለም ብላ ሳታስታጥባት ቀርታ።» ጨርሳ ወደ ኋላ ራቅ ብላ አየችው። ስሟ ካርቶኑ ላይ ሲወጣ ይኼ የመጀመሪያው ነው።

እናቷ ከኋላዋ መጥታ አነበበችው። «ማታ እንነጋገራለን» አለቻት፤ ድምፅዋ ገና አልተፈታም። ከዚያ ወደ ካርቶኑ አገጯን ቀሰር አድርጋ «ከሰዓት ልጆቹ ሲመጡ ወደ ውስጥ ላስገባው?» አለች።

ኢያኤል ጽሑፉን አየችው። እጇ ካርቶኑን ከያዘው ሚስማር ብዙም አይርቅም።

«አይ፣ ይቆይ» አለች።

ደረጃውን ወርዳ ጆጉን ከጀሪካኑ ሞላች፤ ሳሙናውን አነሳች። የጋሼ ብዙአየሁ ተራ ነበር።

«ጋሼ፣ እጅዎን» አለቻቸው።